ከስቱኮው በታች

ዛሬ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት አልጽፍም። እነዚህ የተለመዱ ርእሶቻችን ለአንድ ሳምንት ቢያርፉ የሚጎዳ ሰው ያለ አይመስለኝም። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ መኪና ነው፤ ያውም ሃምሳ ዓመት ስላለፋት አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና። አንባቢዬ «ይህ ሰው ደግሞ ምን ነካው?» ቢለኝ አልቀየመውም። ታግሦ ቢከተለኝ ግን ከለመድነው መንገድ ብዙም እንዳልራቅን ያይ ይሆናል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን መኪና እንጀራችን ነው። ከመካከላችን ታክሲ ያልነዳ ወይም በመኪና ማቆሚያ ያልሠራ ቢገኝ እንኳ፣ ከዘመዶቹ አንዱ መሥራቱ አይቀርም። እኔም እ.ኤ.አ. በ1994 እዚህ አገር ስገባ በመጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ በመሀል ከተማ፣ ከምድር በታች ባለ ማቆሚያ ውስጥ የደንበኞችን መኪና እየተቀበሉ መደርደር ነበር። በዚያ ጨለማ ምድር ቤት ዲግሪዬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ግን አለቃችን ከላይ ሆኖ «ማንዋል የሚነዳ ማን አለ?» ብሎ ሲጮኽ ሰማሁ። አንድ ጠበቃ የስፖርት መኪናውን ከመግቢያው ላይ አቁሞ ሄዷል። የተቀበለው ልጅ ሦስት ጊዜ አስነሥቶ ሦስት ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶበታል። ከኋላ የተሰለፉት ክላክስ ያንባርቃሉ። እጄን አነሣሁ። ያን መኪና አንድም ሳላንገጫግጭ ሦስት ፎቅ ወደ ታች ሳወርደው፣ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ዕውቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ እንዳገኘ ተሰማኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና በመጣ ቁጥር የምጠራው እኔ ነበርኩ። ይህንን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ይልቁንም ያ ኩራት በኋላ ምን እንዳስከተለብኝ ለመናገር ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ወዳጆች ቡና ላይ እንገናኛለን። አንዱ ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ውስጥ የኖረ መካኒክ ነው፤ አንዱ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሌላው ጡረታ የወጣ ባለ ታክሲ፤ አራተኛው እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የባለ ታክሲው የእኅት ልጅ ተቀላቅሎናል። ልጁ እዚሁ ያደገ፣ የኮምፒዩተር ሙያተኛ፣ ጨዋ፣ አማርኛውም የማይታማ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ስልኩን ከጠረጴዛው መሀል አኖረና «እስቲ ይህችን እዩልኝ» አለን። የ1972 ዳትሰን 240 ዜድ ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የታደሰች፣ ቀለሟ እንደ መስተዋት የሚያበራ። ዋጋዋ 68 ሺህ ዶላር። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አጎቱ ሲጠይቀው ልጁ አቀረቀረ። ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ስድስት ዓመት ያጠራቀመው ነበር።

መኪናዋን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የጃፓኑ ኒሳን ኩባንያ ይህችን መኪና ወደ አሜሪካ ገበያ ያወጣት ለ1970 ሞዴል ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር፣ ሁለት ካርቡሬተር፣ 151 የፈረስ ጉልበት፣ አራት ማርሽ፤ ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም የማይበልጥ። ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር፤ ዛሬ ባለው የገንዘብ ዋጋ ከ28 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ለምሥራቅ አፍሪካም ባዕድ አይደለችም። በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ ያሸነፈችው እሷ ናት፤ በሁለተኛው ጊዜ መሪውን የያዘው ሼካር ሜህታ ነበር። ታዲያ አቧራና ጭቃ ያልበገራት መኪና የአሜሪካን የክረምት ጨው ግን አልቻለችም። ወለሏን፣ የባትሪ ማስቀመጫዋንና የኋላ ጎማዎቿን ዙሪያ ዝገት እየበላ ስንቱን ጨርሶታል። የተረፈው ጥቂት ስለሆነ ነው ዛሬ የሚወደደው።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የሒሳብ ባለሙያው ወዳጃችን «ዋጋ ማለት የሚከፍል ሰው የከፈለው ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም» አለ። በጃንዋሪ 2020 አንዲት የ1970 ሞዴል 240 ዜድ በጨረታ 310 ሺህ ዶላር መሸጧን አስታወሰ። የፖርሸንም ታሪክ ጨመረበት። ኩባንያው በ2013 ያወጣውን 911 ጂቲ 3 በአውቶማቲክ ብቻ ሲያደርገው ወዳጆቹ አጉረመረሙ። ማርሹን የሚቀይረው ማሽን ከማንኛውም ሰው እጅ የፈጠነ ቢሆንም አልተቀበሉትም። በ2016 በእጅ ማርሽ ብቻ የሚነዳ 911 አር የሚባል መኪና 991 ብቻ ተሠርቶ ወጣ። በ185 ሺህ ዶላር ገደማ ከፋብሪካ የወጣው መኪና ወዲያው በእጥፍና ከዚያም በላይ ይቸበቸብ ጀመር። በማግስቱ ዓመት ጂቲ 3ም በእጅ የሚቀየረው ማርሽ ተመለሰለት። «እንግዲህ ሰዎቹ የከፈሉት ለፍጥነት አይደለም፤ ለግራ እግራቸው ሥራ ለመስጠት ነው» ብሎ ሳቀ።

መካኒኩ ግን አልሳቀም። «እኔ ደግሞ ተወደደ ብዬ አይደለም የምፈራው፤ ረከሰ ብዬ ነው» አለ። ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። እውነተኛ እድሳት ማለት መኪናውን እስከ ባዶ ላሜራው መግፈፍ፣ የበላውን ቆርጦ በአዲስ ብረት መበየድ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ፈትቶ መሥራት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን መለወጥ ነው። «ስምንት መቶ ሰዓት ይፍጅ እንበል። በሰዓት አንድ መቶ ዶላር ብትመታው ሰማንያ ሺህ ዶላር ለእጅ ዋጋ ብቻ ይሄዳል። መኪናዋን የገዛበት፣ ዕቃው፣ ቀለሙ ገና አልተቆጠረም። ታዲያ በ68 ሺህ እንዴት ይሸጣታል? ወይ ሰውዬው ከስሯል፤ ይህ በእኛ ሙያ የተለመደ ነው። ወይ ደግሞ አደስኩት ያለውን አላደሰም።» ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ውድም ርካሽም ሊሆን እንደሚችል፣ ለቀለሙ ውድ፣ ለሥራው ርካሽ ሊሆን እንደሚችል አስቤው አላውቅም።

ባለ ታክሲው በበኩሉ «መጀመሪያ መንዳት ይማር!» አለ። እውነት ነው፤ የእኅቱ ልጅ በሕይወቱ ፍሪሲዮን ረግጦ አያውቅም። በዚህ አገር ከሚሸጡት አዲስ መኪኖች ማንዋል የሆኑት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም፤ ከየት ይማር? ከዚያ ሦስታችንም በየተራ መምህር ሆንን። «ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ተንጠልጥለህ አትቁም፤ ሸራው ይቃጠላል።» «እግርህን ፔዳሉ ላይ አታሳርፍ።» «እጅህን ማርሹ ላይ አታስደግፍ፤ ውስጡን ይበላዋል።» አጎቱ «ማንዋል ካማረህ አገር ቤት ሂድና ንዳ» ብሎ ሲቀልድ፣ የሒሳብ ባለሙያው አገር ቤትም እንደ ድሮው አለመሆኑን አስታወሰን። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪኩ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮንም የማርሽ ዘንግም የለውም። «ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሽሮ ሜዳም ልጅ እንዳንተ ይሆናል» አለው።

ልጁ ሁሉንም አዳምጦ ሲያበቃ እንዲህ አለን፤ «እኔ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ሰው መወሰን እንዳያስፈልገው የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ስልኬ የት እንደምሄድ ይነግረኛል፤ መኪናዬ ፍሬን ይይዝልኛል። አንድ እንኳ እኔ የምነዳው ነገር እንዲኖረኝ ብፈልግ ጥፋት ነው?» መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ቢሆንም ሳይነዳት እንዳይገዛ ተማፀንነው። እሱ ስለማይችል የምነዳት እኔ እንድሆን ተወሰነ።

በሳምንቱ ከመካኒኩ ጋር ሦስት ሆነን ወደ ቨርጂኒያ ወረድን። መኪናዋ ከፎቶግራፏ ትበልጥ ነበር፤ ይህንን መካድ አይቻልም። የማለዳ ፀሐይ ያረፈበት ረጅም ኮፈኗ እኔንም አፌን አስይዞኛል። መካኒኩ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና ወደ እኔ አየ። ሞተሩ ሙቅ ነበር። ገዢ ከመድረሱ በፊት ሞተር የሚያሞቅ ሻጭ በብርድ ስትነሣ እንዳትታይ የሚፈልገው ነገር ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት አወጣ። በሩ ላይ ለጠፋት፤ ያዘች። ኮፈኑ ላይ ለጠፋት፤ ያዘች። ከኋላ ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ሲደርስ ግን ማግኔቷ ሳትይዝ ተንሸራታ መዳፉ ላይ ወደቀች። ማግኔት ብረት እንጂ ስቱኮ አይይዝም።

ከዚያ እኔ ገባሁ። ፍሪሲዮኑ የሚይዘው ፔዳሉ እስከ ላይ ሊመለስ ሲል ነው። ሜዳ መንገድ ላይ በዝግታ እየሄድኩ አራተኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ሰጠኋት። የሞተሩ ድምፅ ወደ ላይ ተወነጨፈ፤ መኪናዋ ግን ባለችበት ፍጥነት ቀረች። ሸራው አልቋል ማለት ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስመልሳት ደግሞ ጠጠር የሚፈጭ ወፍጮ ድምፅ ከእግሬ ሥር መጣ። ጥርሶቹን የሚያስማሙት የነሐስ ቀለበቶች ተበልተዋል። ካምቢዮው ጭራሽ አልተነካም። እድሳቱ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ደርሶ፣ እግር የሚደርስበት ጋ ቆሟል።

ልጁ «ጋሼ፣ ምን ይሉኛል?» አለኝ። «የምትገዛው ቀለሙን ከሆነ ዋጋው ልክ ነው፤ መኪናዋን ከሆነ ግን ገና ልትታደስ ነው» አልኩት። ሻጩ አንድ ዶላር አልቀንስም አለ። አሮጌ መኪና ሁሉ እንዲህ እንደሆነ፣ ሌሎች ሦስት ሰዎችም እየጠበቁ እንደሆነ ነገረን። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በስድስተኛው ቀን መኪናዋ በተጠየቀው ዋጋ ተሸጠች። የገዛት ሰው ሞተሯን እንኳ ሳያስነሣ በተጎታች ጭኖ እንደወሰዳት ሻጩ ለልጁ ነገረው፤ ጋራዥ ውስጥ የሚያስቀምጣት ሰብሳቢ ኖሯል። እኛ ስህተት ነው ያልነውን ዋጋ ገበያው ልክ ነው ብሎ መሰከረ። ልጁ ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ቅዳሜያችን ላይ አልተገኘም። አጎቱም «ገንዘቡን አዳንክለት፤ ምኞቱን ግን ቀማኸው» አለኝ። ቅሬታው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

በእርግጥ ማን ነበር ትክክል? ብዙ አሰብኩበት። ለማይነዳት ሰው ሁለተኛው ማርሽ ቢፈጭ ባይፈጭ ምን ገዶት? እሱ የገዛው ምስል ነው፤ ምስሉም እንከን የለውም። ዋጋዎቹ ከእኛ መረዳት የራቁት መንዳት የሚችለው እያነሰ፣ መመልከት የሚችለው ብቻ እየበዛ ስለሄደ ይመስለኛል። አንድን ነገር በእጃቸው የሚያውቁት ሰዎች ሲያልቁ ዋጋውን የሚተምኑት በዓይናቸው የሚያውቁት ይሆናሉ። ያን ጊዜ ስቱኮና ብረት እኩል ይሸጣሉ።

በሦስተኛው ወር ልጁ ደወለልኝ። ሃያ ዓመት ያገለገለች፣ ከአንድ ጎኗ የተጫረች ማንዋል ሆንዳ ሲቪክ በ4,200 ዶላር ገዝቷል። ይህን ያህል የረከሰችው ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ማንዋል ስለሆነች የሚፈልጋት ሰው ጠፍቶ» አለኝ። ልብ በሉ! የፖርሸውን ዋጋ እጥፍ ያደረገው የማርሽ ዘንግ የሲቪኳን ዋጋ አወረደው። ሀብታሙ ጋ ቅንጦት፣ ድኻው ጋ ጉድለት። ቤቱንም ለመግዛት ያጠራቀመው ሳይነካ ቀርቷል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ «ያስተምሩኛል?»

እሑድ እሑድ ሰው በሌለበት የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጀመርን። ነዳጅ ሳይነካ ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ እያለ እየለቀቀ መኪናዋ በራሷ የምትንቀሳቀስበትን ነጥብ እንዲፈልግ አደረግሁት። አባቴ እኔን ያስተማረኝ እንዲሁ ነበርና። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ጊዜ አጠፋት፤ በአራተኛው እሑድ ዳገት ላይ አቁሞ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ተነሣ። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ የዚያች ቀይ መኪና ቀለም ሊሰጠው የሚችል አይመስለኝም።

ያን ቀን ስንመለስ «አሁን እርስዎ ይንዱ፣ ልይ» አለኝ። እንደ ባለሙያ ተቀመጥኩ። ረጅሙን ቁልቁለት እንደ ጀመርን እጄ በገዛ ፈቃዱ ማርሹን ወደ ዜሮ አወጣው፤ መኪናዋም በፀጥታ ትንሸራተት ጀመር። ልጁ «ጋሼ፣ ማርሹን ለምን አወጡት?» አለኝ። «ነዳጅ ለመቆጠብ» አልኩት፤ ጥያቄው ራሱ አስገርሞኝ። እሱም በትሕትና አስረዳኝ። የዛሬ መኪና ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ እንዳለ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ብታነሣ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ላይ ስታወጣው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። በዚያ ላይ ሞተሩ መኪናውን መያዙ ስለሚቀር ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ሊከራከረው የሞከረው አፌ ነበር እንጂ ልቤ እውነቱን እንደሆነ ወዲያው ገብቶታል። ሠላሳ ዓመት በዚህ አገር ስነዳ፣ ነዳጅ ቆጠብኩ እያልኩ ነዳጅ ሳባክን ኖሬአለሁ።

ይህንን ከየት አመጣሁት? ከአባቴ ነው። በ1978 ዓ.ም. በአባቴ አሮጌ ቮልስዋገን መንዳት ስማር ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ቤንዚን በራሽን ይታደል ነበር። አባቴ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ አንዳንዴም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሬኑን ብቻ አምኖ ይንሸራተት ነበር። እናቴ ከኋላ ሆና ስሟን ለምታውቀው ቅዱስ ሁሉ ትሳላለች። ለእሱ ሙያ ነበር፤ ለእኔም ሙያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ደርግ ወደቀ፣ ራሽኑም አበቃ፣ አባቴም አረፈ፣ ካርቡሬተርም ታሪክ ሆነ። እጄ ግን ዜናውን አልሰማም። የጥንት አነዳድ እያልኩ ወጣቱ ፊት የምኩራራበት ልማዴ ለካ የእጦት ዘመን ጠባሳ ነው፤ እኔ በትዝታ ስቱኮ ሞልቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ጥበብ ነው ብዬ አቁሜዋለሁ። ልጁ ማግኔቷን ወደ እኔ ሲያዞራት ሳትይዝ ወደቀች።

ከፖለቲካ ዕረፍት እወስዳለሁ ብዬ ነበር፤ ቃሌን ሙሉ በሙሉ አልጠበቅሁም። በአገራችን «ተሃድሶ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ2001 ሰማን፤ በ2016 ደግሞ «ጥልቅ ተሃድሶ» ተባልን። ሁለቱንም ጊዜ ቀለሙ አማረ አላማረ እያልን ስንከራከር፣ ገብተን ሁለተኛውን ማርሽ የሞከርነው ስንቶቻችን ነን? የሚብሰው ደግሞ ሌላው ነው። ሌላውን ለመመርመር ማግኔት የያዝን እኛ ተቺዎች፣ ራሽኑ ካበቃ በኋላም በራሽን ዘመን እጅ እንነዳለን፤ ጠላቱ ከሄደ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ቁልቁለት ባየን ቁጥር ማርሹን እናወጣለን።

ልጁ አሁን ቅዳሜያችን ላይ ተመልሷል። ሲቪኳ አሁንም ከአንድ ጎኗ እንደተጫረች ናት፤ ሊያስቀባት አላሰበም። እኔም ቁልቁለት ስጀምር ቀኝ እጄን አንሥቼ መሪው ላይ አኖራለሁ። አልፎ አልፎ ይረሳና ወደ ማርሹ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ምንም ሳይናገር ጉሮሮውን ይጠርጋል።